ከብርሃን ስለሚቀድም ዐይን፤ በጠፈር ጦርነት ድርሰቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ጦርነት ድርሰት የሚጽፍ ሰው፥ ጦርነቱ በየብስ ቢሆን ወይም በባሕር፥ ብዕሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊወስን ይገባዋል፤ ይኸውም ተዋጊዎቹ ምን ያህል እንደሚያዩና ያዩትንም መቼ እንደሚያዩት ነው። የጦር አለቃው ሁሉን የሚያይ ከሆነ ታሪኩ የገበያ ሒሳብ ይሆናል፤ ብዙ ያለው ጥቂት ያለውን ያሸንፋል፥ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። አለቃው ምንም የማያይ ከሆነ ደግሞ ሁሉ ነገር ዕጣ ነው። የጦር ታሪክ ጣዕሙ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ አለቃው ጥቂቱን አይቶ ብዙውን በልቡ ሲያሰላ፥ በዚያም ስሌት ላይ የሰው ነፍስ ሲያሲዝ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር እጅግ የሚያመቹት የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባሉት፥ በተለይም በከዋክብት መካከል ስለሚደረግ ውጊያ የሚናገሩት መጻሕፍት ናቸው። ብዙ የተማሩ ሰዎች እነዚህን መጻሕፍት እንደ ልጅ ጨዋታ ቈጥረው ይንቋቸዋል፤ ከመካከላቸውም ንቀቱ የሚገባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ዳሩ ግን በዚያ ዓለም ርቀቱ እጅግ የሰፋ ስለ ሆነ ዐይን ራሱ ይዘገያል፤ ዐይን በሚዘገይበት ስፍራም ደራሲው ስለ ዕውቀትና ስለ ፍርድ ያለው አሳብ ሊሰወር አይችልም።

ብርሃን በአንድ ሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይሄዳል፤ በደፈናው 300,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በምድር ላይ ላለ ሰው ይህ መዘግየት የሌለበት ፍጥነት ይመስለዋል። ከጨረቃ የሚመጣው ብርሃን ግን ከአንድ ሰከንድ ጥቂት አልፎ ይደርሳል፤ ከፀሐይ የሚመጣውም 8 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ያህል በመንገድ ይቈያል። በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ኪዩሪዮሲቲ የተባለችውን ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ባሳረፈ ጊዜ፥ ከአየሩ ጫፍ እስከ መሬት መውረዱ 7 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ፥ ወሬው ወደ ምድር ለመድረስ ግን 14 ደቂቃ ያህል ይፈልግ ነበር። ስለዚህ «መውረድ ጀመረች» የሚለው ምልክት ለመሐንዲሶቹ ሲደርስ፥ እርሷ ወይ በደኅና አርፋ ወይ ተሰባብራ 7 ደቂቃ ሆኗታል። በዚያ ሰዓት የሚሰጥ ትእዛዝ አልነበረም፤ ሁሉም ተቀምጦ ያለፈውን ነገር ይጠብቅ ነበር።

ወደ ውጊያ ሲመጣ ይህ መዘግየት ሌላ መልክ ያገኛል። የሚሮጥ ድኩላ የሚተኩስ አዳኝ ጥይቱን የሚልከው ድኩላው ወደሚደርስበት ስፍራ አስቀድሞ ነው። በጠፈርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አዳኙ የሚያየው የቀድሞውን ድኩላ መሆኑ ነው። 300,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለች መርከብ ላይ የብርሃን ጦር የሚወረውር ተኳሽ፥ ምስሏ እርሱ ዘንድ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ፥ ጦሩም እርሷ ዘንድ እስኪደርስ ሌላ አንድ ሰከንድ ያልፍበታል። በዚህ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መርከቢቱ፥ ከእጅ የተለቀቀ ድንጋይ ወደ ምድር ሲወርድ በሚፈጥንበት መጠን ብትፈጥን፥ ከታሰበላት ስፍራ የምትርቀው 20 ሜትር ያህል ነው፤ ትልቅ መርከብ ከሆነች ትመታለች። ርቀቱ 60 ጊዜ ቢበዛ ግን መዘግየቱ 120 ሰከንድ ይሆንና መርከቢቱ እስከ 72 ኪሎ ሜትር ልትርቅ ትችላለች። ርቀቱ በ60 ሲበዛ ስሕተቱ በ3,600 በዛ ማለት ነው።

አሁን ደራሲው ለዚህ ተኳሽ ከብርሃን የሚቀድም ዐይን ቢሰጠው ምን ይጠቅመዋል? ምስሉ በመንገድ የሚቈይበት 60 ሰከንድ ይቀርለታል፤ ጦሩ የሚሄድበት 60 ሰከንድ ግን እንዳለ ነው። ስሕተቱ ከ72 ኪሎ ሜትር ወደ 18 ይወርዳል፤ በ18 ኪሎ ሜትር መሳትም መሳት ነው። ስለዚህ ዐይን ብቻውን አይበቃም፥ ክንድም ከብርሃን መቅደም አለበት። ብዙ ደራሲያን ዐይኑን ሰጥተው ክንዱን ይረሳሉ፤ አንባቢም በታሪኩ ሙቀት ተይዞ አይጠይቃቸውም።

ከዚህ የባሰ ሌላ ዕዳ አለ። አልበርት አይንሽታይን በ1905 ባወጣው ትምህርት መሠረት የሁለት ነገሮች ቅደም ተከተል ለተመልካች ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከብርሃን የሚቀድም መልእክት ቢኖር፥ መልእክቱ ሳይላክ የደረሰ ሆኖ የሚታየው ተመልካች ይገኛል፤ በመላላክም ላኪው ገና ያልጠየቀውን መልስ ሊቀበል ይችላል። ይህን አይንሽታይን ራሱ በ1907 አመልክቶታል። ደራሲያን ግን ዕዳውን ሳይከፍሉ ዕቃውን ብቻ ተሸክመው ይሄዳሉ። ከፋዩ ጄምስ ብሊሽ ነው፤ በ1954 ባወጣው «ቢፕ» በተባለ አጭር ልብ ወለድ፥ ወዲያው የሚያደርስ አንድ የመልእክት መሣሪያ አለ፤ በመልእክቱ ሁሉ መጀመሪያ ጆሮ የሚያስቀይም አጭር ድምፅ ይሰማል። ሠራተኞቹ ሁሉ ይህን ድምፅ ሰልችተው ያልፉታል። አንዲት ጋዜጠኛ ግን መርምራ፥ በዚያ መሣሪያ የተላከውና ወደ ፊት የሚላከው መልእክት ሁሉ በዚያ ድምፅ ውስጥ ታጭቆ እንዳለ ትደርስበታለች። ድምፁን ማንበብ የቻለ መሥሪያ ቤት እንግዲህ መጪውን ያውቃል፤ ነገር ግን የሰማውን ከማስፈጸም በቀር ሌላ ሥራ አይቀርለትም፥ የመጪው ነገር አሽከር ይሆናል። አስቀድሞ ማወቅና ነጻ ፈቃድ እንዴት አብረው ይቆማሉ የሚለው ጥያቄ ለመጻሕፍት ቤት ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ ከመልእክት ዕቃ ውስጥ ሲወጣ ማየት ግን ያስደንቃል።

የዚህ ዐይነት ድርሰት አባት ከሚባሉት አንዱ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልመር ስሚዝ (1890-1965) ነው። በሙያው የምግብ ኬሚስት ነበር፤ ስለ ዱቄት ቅልቅል ከማሰብ በተረፈው ጊዜ ከዋክብትን ያጋጭ ነበር ማለት ይቻላል። «ግራጫው ሌንስማን» የተባለው ድርሰቱ በ1939ና በ1940 በአስታውንዲንግ መጽሔት ተከታትሎ ሲወጣ፥ ርቀት ለዐይንም ለክንድም እንቅፋት አልሆነም፤ ከብርሃን እጅግ የሚፈጥን ሞገድ አለና ሁሉ ነገር ወዲያው ይታያል። የጓዱ አዛዥ የሚቀመጥባት ዲሬክትሪክስ የተባለች መርከብ በውስጧ አንድ ታላቅ ገንዳ አላት፤ በገንዳውም ውስጥ እያንዳንዱ የወገንና የጠላት መርከብ እንደ ትንሽ መብራት ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ስሚዝ አንድ ብልኀት አሳይቷል። ያን ሁሉ መብራት አይቶ ትእዛዝ ማደል ከሰው አእምሮ በላይ ስለ ሆነ፥ ለሥራው የሪጄል ተወላጆች የሆኑ፥ ከሰው የሰፋ አእምሮ ያላቸው ፍጥረቶች ተመደቡ። ፈጥኖ ማየት ሸክም እንደ ሆነ ገብቶት ነበር፤ ሸክሙን ግን ለሌላ አሸክሞ ወደ ተኩሱ ተመለሰ።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ካምቤል በ1947 ለስሚዝ በጻፈው ደብዳቤ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የጦር መርከቦች ላይ የተደራጀው የውጊያ መረጃ ክፍል አሳብ ከዲሬክትሪክስ የተወሰደ መሆኑን ገልጦለታል። ልብ ወለድ ለባሕር ኀይል ትምህርት መስጠቱ ለደራሲው ትልቅ ክብር ነው። ዳሩ ግን ለድርሰቱ ያተረፈለት የለም። ሁሉ ከታየ የሚቀረው የኀይል ብዛት ብቻ ነውና ስሚዝ በየምዕራፉ ከበፊቱ የሚበልጥ መሣሪያ ለማምጣት ይገደዳል፤ በመጨረሻም የጠላትን ፕላኔት በሁለት ሌሎች ፕላኔቶች መካከል ጨፍልቀው ያጠፉታል። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? ሦስት ፕላኔት ማምጣት ነው።

ስታር ትሬክ በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ትርኢትም በ1987 በታየ አንድ ክፍል የሚጠቀስ ነገር አለ። ካፒቴን ፒካርድ በቀድሞ መርከቡ ሳለ ያደረገው ብልኀት ይነገራል፤ መርከቡን ከብርሃን በሚበልጥ ፍጥነት አንድ ጊዜ አስወንጭፎ ከጠላቱ አጠገብ ሲያቆማት፥ የቀድሞው ምስሏ ገና በመንገድ ላይ ስለ ነበረ ጠላት ሁለት መርከቦችን በአንድ ጊዜ አየ፥ በየትኛዋ ላይ እንዲተኩስም ግራ ገባው። አሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን በዚያው ትርኢት በሌሎቹ ክፍሎች መርከቦች ሁሉ ከብርሃን የሚቀድም መመልከቻ እንዳላቸው ይነገራልና፥ ያ ጠላት በዚያ ቀን ብቻ ስለ ምን በተራ ብርሃን ያይ ነበር? በቅኔ ማኅበር እንዲህ ያለውን ቤት መታ፥ ምስጢር ግን አልገጠመም ይሉታል።

ዘግይቶ ማየትን የታሪኩ ምሰሶ ያደረገው ጆን ሄምሪ ነው። በአሜሪካ የባሕር ኀይል መኰንን ሆኖ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ሲሆን፥ «የጠፋው ጓድ» የተባለውን ተከታታይ ድርሰት ጃክ ካምቤል በሚል የብዕር ስም አወጣው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዶንትለስ» በ2006 ታተመ። በዚህ ድርሰት መርከቦች ከኮከብ ወደ ኮከብ ብርሃንን ቀድመው ይዘልላሉ፤ በአንድ ኮከብ ዙሪያ ሲገቡ ግን ዐይናቸው ብርሃን ብቻ ነው። የጠላት ጓድ 5 የብርሃን ሰዓት ርቆ ቢገኝ፥ አዛዡ ጊሪ የሚያየው ጠላቱ ከ5 ሰዓት በፊት የነበረበትን ነው፤ ጠላትም የጊሪን መምጣት የሚያውቀው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ የጦሩ ሰዎች ጠላታቸውን እያዩ ምግብ ይበላሉ፥ ይተኛሉ፥ ዘብ ይለዋወጣሉ። ወታደር ያልነበረ ደራሲ ይህን መጠበቅ ይዘለው ነበር፤ ሄምሪ ግን ፍርሃት የሚያድረው በዚያ ውስጥ መሆኑን ስለሚያውቅ አይዘለውም።

ሁለቱ ጓዶች በሚተላለፉበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አንዱ ሌላውን የሚያልፍበት ፍጥነት የብርሃንን አንድ አምስተኛ፥ ማለት በሰከንድ 60,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ከበለጠ ምስሉ እጅግ ስለሚጣመም አነጣጥሮ መምታት አይቻልም። በዚህ ፍጥነት ቃታ የሚስብ የሰው ጣት የለም፤ ሰውየው ስለ መተኰሱ አስቀድሞ ወስኖ ሥራውን ለመሣሪያው ይተዋል፥ ሁሉም ዐይን ሳይከደን ያልፋል፥ ከዚያም በኋላ የሞተውንና የተረፈውን ይቈጥራል። ብዙ ሰዓት የተጠበቀው ነገር አይታይም።

የመጽሐፉ ዋና ቁም ነገር ግን ከዚህ ይልቃል። ጊሪ ከአንድ ውጊያ በኋላ በማምለጫ ጀልባ ውስጥ 100 ዓመት ያህል ተኝቶ የተገኘ ሰው ነው። በዚህ ዘመን ሁሉ ጦርነቱ አልቆመም፤ የሞቱት ሰዎች እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ ጓድን በመዘግየት ውስጥ አሰልፎ የማዋጋት ጥበብ ከሚያስተምሩት ጋራ ጠፍቷል። አዛዦቹ የቀራቸው ድፍረት ብቻ ነው፤ ጠላት ባዩ ጊዜ እያንዳንዱ ሌላውን ቀድሞ በፊት ለፊት ይወረወራል፥ እያንዳንዱም ይሞታል። ጊሪ ያመጣላቸው አዲስ መሣሪያ አይደለም፥ አሮጌ ሒሳብ ነው፤ ትእዛዝ ሩቅ ላለችው መርከብ አስቀድሞ፥ ቅርብ ላለችው ዘግይቶ መስጠትን፥ ሁሉም በአንድ ሰዓት እንዲዞሩ ማድረግን ያስተምራቸዋል። ትምህርት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ በሚተላለፍበት አገር ያደገ አንባቢ፥ አንድ ትውልድ መምህራን ሲያልቁ ምን እንደሚጠፋ ለማወቅ ማብራሪያ አያሻውም። ጒድለቱን ለመናገር ያህል፥ የሄምሪ ንግግር ደረቅ ነው፤ የአዛዦቹ ስብሰባ በየመጽሐፉ ይደጋገማል፥ ጠላቶቹም ጥላ ናቸው። እንዲህም ሆኖ መጠበቅን እንደ እርሱ የጻፈ ጥቂት ነው።

ዴቪድ ዌበር በመካከል ቆሟል። ስለ ኦነር ሃሪንግተን የጻፈው ተከታታይ ድርሰት በ1993 «በባሲሊስክ ጣቢያ» በተባለ መጽሐፍ ተጀመረ፤ ይህንንም ስለ ሸራ መርከቦች ዘመን ለጻፈው ለእንግሊዛዊው ደራሲ ለፎሬስተር አበርክቶታል። በዌበር ዓለም መርከብን የሚነዳው የስበት ኀይል ነው፤ ያም ኀይል ከብርሃን ቀድሞ በሩቅ ይታወቃል። ዐይኑ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚያየው የሚሮጠውን ብቻ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ከዚያ ዐይን ይሰወራል። ይህ እጅግ የበሰለ አሳብ ነው፤ የሸሸ ይታያል፥ የታገሠ ይሰወራልና። ሮኬቱን የሚመራው ትእዛዝ ደግሞ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ፥ ሮኬቱ 60 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ትእዛዝ እርሱ ዘንድ ለመድረስ 200 ሰከንድ ይፈጃል። ዐይን ፈጣን፥ ክንድ ዘገምተኛ ሆኖ ለብዙ መጻሕፍት አዛዦቹ በዚህ ልዩነት ውስጥ ሲያስቡ፥ ሲያታልሉ፥ ሲታለሉ ይኖራሉ፤ ድርሰቱን ያቆመውም ይህ ነው።

በ2005 በወጣው «በማናቸውም ዋጋ» በተባለው መጽሐፍ ግን ዌበር ይህን ልዩነት ራሱ አፈረሰው። አፖሎ የተባለ ሥርዐት ይመጣል፤ አንድ መሪ ሮኬት ከብርሃን የሚቀድም ትእዛዝ እየተቀበለ ስምንት ተከታይ ሮኬቶችን ይመራል። አንደኛው ወገን እንግዲህ ዐይኑም ክንዱም ፈጣን ሆነ፤ ሁለተኛው ወገን የሚሞትበትን ነገር ከማየት በቀር የሚያደርገው የለውም። የስሚዝ ገንዳ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ገጹ በሮኬት ቍጥር ይሞላል፥ አንባቢም ቍጥሩን እየዘለለ ማለፍ ይለምዳል፥ የመጀመሪያው ተኩስ ሲተኰስ መጨረሻው ታውቋልና። ሥራውን አሥራ ሁለት ዓመት ያህል የተከተለ አንባቢ ይህ ሲሆን ቢያዝን አይፈረድበትም።

አንድ ሰው ግን ተነሥቶ፥ «እንግዲህ መዘግየት መልካም ነው ልትሉ ነውን? የዘገየ ወሬ ስንቱን ገድሏል!» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ታኅሣሥ 24 ቀን 1814 በጌንት ከተማ የዕርቅ ውል ተፈራረሙ፤ ወሬው ግን በሸራ መርከብ ባሕር እስኪሻገር ድረስ ጥር 8 ቀን 1815 በኒው ኦርሊንስ ጦርነት ተደረገ፥ ከእንግሊዝም ወገን ከሞቱት፥ ከቈሰሉትና ከተማረኩት ጋራ 2,000 ያህል ሰው ጠፋ። ስለዚህ ጥያቄው የዘገየ ይሻላል ወይስ የፈጠነ የሚል አይደለም። ፈጥኖ ያየ ሰው የሚያየውን ነገር ምንነት ያውቃልን? የሚመታውንስ ይሸከማልን? የሚል ነው። ይህን የጠየቁ ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ ሁለቱንም ጐን ለጐን ማንበብ ይገባል።

የመጀመሪያው ኡርሱላ ለጊን (1929-2018) በ1966 ያወጣችው «የሮካኖን ዓለም» ነው። መቅድሙ በ1964 ለብቻው የወጣ ታሪክ ነው፤ ሴምሊ የተባለች ወይዘሮ የአያቶቿን የአንገት ሐብል ለማስመለስ በጠፈር መርከብ ትሄዳለች፤ ለእርሷ አንድ ሌሊት የመሰላት መንገድ በአገሯ ብዙ ዓመት ሆኖ፥ ስትመለስ ባሏ ሞቶ ልጅዋም የእርሷ እኩያ ሆና ታገኛታለች። የብርሃን ሕግ በመጽሐፉ ደጃፍ ላይ ዋጋውን አስከፈለ። በዚህ ዓለም ከብርሃን ቀድሞ የሚሄድ ነገር አለ፤ ሕይወት ያለው ግን በእርሱ ተሳፍሮ አይተርፍም፥ ቦምብ ብቻ ይላክበታል። ወዲያው የሚያናግር አንሲብል የተባለ መሣሪያም አለ። እንግዲህ ቃል ፈጣን ነው፤ ሞትም ፈጣን ነው፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ረዳት ብቻ ነው። ደራሲዋ ይህን አንድ ሕግ ብቻ ደንግጋ ከእርሱ የወጣውን ሁሉ ተቀበለች።

ሮካኖን የሕዝቦችን ልማድ የሚያጠና ሊቅ ነው። በፕላኔቲቱ የተደበቁ ዐመፀኞች መርከቡን ከነባልንጀሮቹ አቃጠሉበት፥ አንሲብሉም አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ መንገድ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ፥ ተራራ ወጥቶ የጠላትን ሰፈር ማግኘትና በገዛ መሣሪያቸው ስፍራውን ለወገኖቹ መናገር። በከዋክብት መካከል በቅጽበት የሚበረው መሣሪያ ዒላማውን እስኪያገኝ ድረስ የአንድ መንገደኛን እርምጃ ይጠብቃል። በመንገዱም በዋሻ የሚኖር አንድ ጥንታዊ ፍጥረት የጠላቶቹን አሳብ የሚሰማበትን ኀይል ይሰጠዋል፤ ዋጋው ሊሰጠው የማይፈልገው ነገር ነበር፥ ብዙም ሳይቈይ ወዳጁ ሞጊየን ሞተ። ሮካኖን ሰፈሩ ገባ፥ ስፍራውን ተናገረ፥ ወጣም። ቦምቡ ደረሰ። እሳቱን በዐይኑ አላየውም፤ ነገር ግን አሳባቸውን የሚሰማበት ኀይል በእርሱ ላይ ስለ ነበረ፥ የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ሞት በአንድ ጊዜ በውስጡ አለፈ። ከዚህ የሚበልጥ የዒላማ ትርጓሜ በዚህ ዐይነት መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። መጽሐፉ የደራሲዋ የመጀመሪያ ረዥም ልብ ወለድ ስለ ሆነ ጒድለት አለበት፤ ሰይፍና ሮኬት፥ ክንፍ ያላቸው የሚጋለቡ አውሬዎችና የመልእክት መሣሪያ በአንድ ድስት ተቀቅለዋል፥ አንዳንዱም አልበሰለም። ያች አንዲት ገጽ ግን ሁሉን ትክሳለች።

ሁለተኛው ኦርሰን ስኮት ካርድ በ1977 በአጭሩ፥ በ1985 በሙሉ መጽሐፍ ያወጣው «የኤንደር ጨዋታ» ነው። አንሲብል የሚለውን ስም ከለጊን ወስዶታል። ኤንደር ገና ልጅ ነው፤ የጦር ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹ በመስኮት እንደሚታይ ጨዋታ የሚመስል ውጊያ በየቀኑ ያቀርቡለታል። መርከቦቹ ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ ጠላት ዓለሞች የተላኩ እውነተኛ መርከቦች፥ በውስጣቸውም ያሉት እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን አያውቅም። አንሲብሉ ሁሉን ወዲያው ያሳየዋል፤ ትእዛዙንም ወዲያው ያደርሳል። በመጨረሻው ቀን፥ ፈታኞቹ ተቈጥተው ቢያባርሩት ብሎ፥ መሣሪያውን በፕላኔቲቱ በራሷ ላይ ይልካል። ከዚያም በኋላ አንድ ሕዝብ ማጥፋቱን ይነግሩታል።

ዐይኑም ክንዱም ከብርሃን ቀድመው ነበር፤ የዘገየው ዕውቀቱ ነው። ሮካኖን ምንም ሳያይ ሁሉን ዐወቀ፤ ኤንደር ሁሉን አይቶ ምንም አላወቀም። በዚህ ነገር ካርድ ከለጊን ይልቅ ወደዚህ ዘመን ቀርቧል። በ2001 በተጀመረውና በ2021 በተፈጸመው የአፍጋኒስታን ጦርነት፥ በአሜሪካ በኔቫዳ ምድረ በዳ በጦር ሰፈር የተቀመጡ ሰዎች በአፍጋኒስታን ሰማይ ላይ ሰው አልባ አውሮፕላን ይመሩ ነበር፤ ምልክቱ በመንገድ የሚቈየው አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። እነዚያ ሰዎች ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ ከመካከላቸውም ኅሊናቸው እንደ ታወከ በአደባባይ የተናገሩ አሉ። ዳሩ ግን የካርድ ድርሰት አንድ የሚያስወቅሰው ነገር አለ፤ ለልጁ ንጽሕና እጅግ ይደክማል። አለማወቁን ጋሻ አድርጎለት በደሉን ሁሉ በሽማግሌዎቹ ላይ ያኖራል፤ አንባቢም አልቅሶ ይፈታዋል። ለጊን ግን ለሮካኖን እንዲህ ያለ ጋሻ አልሰጠችውም፤ ስፍራውን የተናገረው ዐውቆ ነው፥ ጠላቶቹም ባልንጀሮቹን የገደሉ ሰዎች ነበሩ፥ ከዚህም ሁሉ ጋራ ሞታቸው የእርሱ ሆነ። በዚያች ፕላኔት ኖሮ ሞተ፤ ረዳቶቹ የደረሱት ከሞተ በኋላ ነው፥ ዓለሚቱንም በስሙ ጠርተዋታል።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አንድ ቃል ያስቸግረዋል። ለጊን አንሲብል የሚለውን ስም ያወጣችው «መልስ ሊሰጥ የሚችል» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ሆነ ተናግራለች፤ ያ የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ ስለ ሥራው በኀላፊነት የሚያዝ ማለትም ይሆናል። አማርኛው «ተጠያቂ» ይህንኑ ኅብር ሳይጐድል ይዞታል፤ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ዕቃም፥ ስለ አደረገው የሚጠየቅ ሰውም ተጠያቂ ነው። ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ በፊደል ከመገልበጡ በፊት ይህን ቢመረምር መልካም ነው።